የሚያስደብቅ መጽሐፍና የሚያስጠጋ መጽሐፍ

የንባብ ክፍል፦ ዘፍጥረት 3፥8-10፤ 2ኛ ሳሙኤል 12፥1-7፤ ሉቃስ 15፥11-24



ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት ቴፒ ባለው ቤታችን የሆነውን ልንገራችሁ። አምስት ዓመት የሞላት ልጃችን ከረከቦቱ ላይ አንድ ስኒ አንስታ ስትጫወት ከእጇ አምልጦ ተሰበረ። እናቷ ጓሮ ቡና እያሰጣች ነበር። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ አልተጣራችምም። ስብርባሪውን ለቃቅማ ከጆንያ ሥር ደበቀችው። ማታ ስኒው ጎድሎ ሲገኝ ጠየቅኋት። «እኔ አላየሁም፤ ድመቷ ትሆናለች» አለችኝ። ስትናገር አንድ እጇን ጨብጣ ነበር። በቀስታ ስከፍተው ጣቷ ተቆርጦ ደሙ ደርቋል።

ስለ ስኒው አላዘንኩም። ስለ ውሸቱ አዘንኩ፤ ከዚያ በላይ ግን ልጄ ጣቷ እየደማ ወደ እኔ መምጣት መፍራቷ ልቤን ሰበረው። «ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት «እንደ መጽሐፉ ልጅ ከቤት እንዳታስወጡኝ ብዬ» አለች።

መጽሐፉን አውቀዋለሁ፤ የገዛሁት እኔ ነኝ። ሥዕሉ ደማቅ፣ ወረቀቱ ጠንካራ ነው። ታሪኩ ስለሚዋሽ ልጅ ነው። መጨረሻው ገጽ ላይ ልጁ በጨለማ ደጅ ቆሞ ያለቅሳል፤ በሩ ተዘግቷል። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል ውሸታምን ማንም እንደማይወድ ተጽፏል። ይህን መጽሐፍ በመኝታ ሰዓት ለልጄ፣ እሑድ ደግሞ በልጆች አገልግሎት ለሌሎች ልጆች ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። እውነት መናገርን እያስተማርኩ መስሎኝ ነበር። ለካ መደበቅን እያስተማርኩ ኖሯል።

የመጀመሪያው መደበቅ

በኤደን ገነት አዳምና ሔዋን ከበደሉ በኋላ ያደረጉትን እናውቃለን። ፈሩ፤ ከዛፎቹ መካከል ተሸሸጉ። ልጄም ስብርባሪውን ከጆንያ ሥር ስትደብቅ የሠራችው ይህንኑ ነው። ደጋግመን የምናልፈው ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። እግዚአብሔር ራሱ እየተጣራ መጣ። መዘዙን አልሰረዘላቸውም፤ ከገነት ወጡ። ሳያለብሳቸው ግን አላስወጣቸውም። ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች መጽሐፍ ቅዱስ የተደበቀውን የሚፈልግ አምላክ ያሳየናል። እኛ ለልጆቻችን በምንመርጠው መጽሐፍ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ በሩን የሚዘጋ አባት እናሳያቸዋለን።

ስለዚህ ሐሳቤን በአጭሩ ልበል። ለትንሽ ልጅ የሥዕል መጽሐፍ ስንመርጥ ከሥዕሉ ውበትና ከትምህርቱ ትክክለኛነት አስቀድመን የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይህ መጽሐፍ ልጄ ሲያጠፋ እንዲደበቅ ያደርገዋል ወይስ ወደ እኔ እንዲጠጋ?

ማስፈራራት ይሠራል ወይ?

«ልጅ ካልፈራ አይማርም» የሚሉ አሉ። እኔም እንዲሁ አምን ነበር። ካንግ ሊ የተባሉ በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት ግን ቆም ብዬ እንዳስብ አደረገኝ። ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ያሉ ልጆችን አንድ በአንድ ወስደው አሻንጉሊቱን ዞረው እንዳያዩ ነግረዋቸው ወጡ። ተመልሰው ታሪክ አነበቡላቸው፤ ከዚያም አይተው እንደሆነ እውነቱን እንዲናገሩ ጠየቋቸው። ለአንዳንዶቹ የተነበበው ሲዋሽ አፍንጫው የሚረዝመው የፒኖኪዮ ታሪክ ነው። ለአንዳንዶቹ «ተኩላ መጣ» እያለ መንደሩን ያታለለው እረኛ ታሪክ ተነበበላቸው። ለሌሎቹ ደግሞ የአባቱን የቼሪ ዛፍ ቆርጦ ጥፋቱን በማመኑ አባቱ የተደሰተበት የትንሹ ጆርጅ ዋሽንግተን ታሪክ ነው።

ውሸታሞች የሚቀጡባቸው ሁለቱ ታሪኮች ስለ ውሸት ምንም ከማይናገር ተራ ታሪክ የተሻለ ውጤት አላመጡም። ልጆቹን ወደ እውነት የገፋፋቸው ጥፋቱን ያመነው ልጅ ታሪክ ነው። ተመራማሪዎቹ የዚህን ታሪክ መጨረሻ ለውጠው ሐዘንና ቅጣት ሲያደርጉት ደግሞ ያ ውጤት ጠፋ።

እኛ አማኞች ይህን ከዩኒቨርሲቲ መስማት አልነበረብንም። የጠፋው ልጅ በአሳማዎቹ መካከል ተርቦ ሳለ ወደ ልቡ ሲመለስ ያሰበው የአባቱን ቤት እንጀራ ነው። እንዲነሣ ያደረገው ረሃቡ ብቻ አይደለም፤ ሊሄድበት የሚችል ቤት እንዳለው ማወቁም ጭምር ነው። አባትየው ደግሞ ገና ከሩቅ አይቶት ሮጠ።

«ታዲያ ቅጣት የለም ልንላቸው ነው?»

ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ላልፈው አልፈልግም። ኃጢአትን እንደ ቀልድ የሚያሳይ መጽሐፍም መርዝ ነው። በዋሽንግተን ታሪክም የተቆረጠው ዛፍ መልሶ አልተተከለም። የእኛም ስኒ እንደተሰበረ ነው። ጥሩ መጽሐፍ የጥፋትን ዋጋ አይሸሽግም፤ ዋጋውን እያሳየ ልጁን ግን አይጥለውም። ወንጌልም እንዲሁ ነው። መስቀሉ የኃጢአትን ክብደት ያሳየናል፤ በዚያው መስቀል ላይ ለእኛ የተዘረጉ እጆችንም እናያለን።

የልጅን ልብ በታሪክ ስለ መክፈት ከነቢዩ ናታን የሚበልጥ አስተማሪ አላውቅም። ወደ ንጉሥ ዳዊት ሲገባ በክስ አልጀመረም። አንዲት በግ ስለነበረችው ድኻና ያችን በግ ስለወሰደበት ባለጠጋ ተረከ። ዳዊት በታሪኩ ተቆጣ፤ በሌላው ላይ ፈረደ፤ ከዚያ በኋላ ነው ጣቱ ወደ እርሱ የዞረው። ናታን እውነቱን ተናግሯል፤ ግን ልቡ እስኪከፈት ጠበቀ። ቡና ለቃሚ እናቶቻችን ይህን ያውቃሉ። ቀዩን እሸት እየመረጡ ይለቅማሉ፤ አረንጓዴውን ለነገ ይተዉታል። ችኩል እጅ ቅርንጫፉን በአንዴ ሲገፍፈው ያልበሰለው ፍሬ የበሰለውንም ጣዕም ያበላሻል። እኛም መጽሐፉን ዘግተን ወዲያው «ስለዚህ አንተም…» ስንል ያልበሰለ እንለቅማለን።

ከማጂ ተራሮች የተነሣ መጽሐፍ

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ደቡብ ሲጓዙ ከፍታ ላይ ማጂ አለች። ጄን ከርትዝ የተባለችው የልጆች መጻሕፍት ደራሲ ሚስዮናውያን ከነበሩ ወላጆቿ ጋር በሁለት ዓመቷ ወደ አገራችን መጥታ በልጅነቷ ያደገችው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ካሳተመቻቸው የሥዕል መጻሕፍት አንዱ አያቶቻችን የሚያውቁትን የአንበሳ ፀጉር ተረት የሚተርክ ነው። አልማዝ የምትባል ልጅ የእንጀራ እናቷን ፍቅር ለማግኘት ትቸኩላለች። አያቷ አይቆጧትም፤ ከአንበሳ ጅራት ፀጉር አምጪ ይሏታል። በየቀኑ ትንሽ በትንሽ እየቀረበች አንበሳውን ስታላምድ፣ ወደ ሰው ልብም እንዲሁ በትዕግሥት እንደሚቀረብ ትማራለች። በታሪኩ ውስጥ ችኩሏን ልጅ ማንም ከቤት አላባረራትም። መጨረሻው ወደ ቤት የሚመልስ መንገድ ነው።

ይህ ታሪክ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ማጣት ደግሞ ሌላ ሰው አስጨንቆ ነበር። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ ለልጆች የሚሰጥ የአማርኛ መጽሐፍ በማጣቱ ሞኙን ማሞ በሥዕል አሳተመ። ወደ አገሩም ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2003 ከጄን ከርትዝ ጋር ባቋቋሙት ድርጅት በኩል ሾላ፣ አዲስ አበባ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። በሐዋሳ ደግሞ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ጭኖ ወደ ልጆች ወሰደ። አንድ ሰው «የለም» ብሎ አልተቀመጠም። እኛስ?

ስትመርጡ እነዚህን ጠይቁ

*አንደኛ፣ ያጠፋው ልጅ በመጨረሻው ገጽ ላይ የት ነው?* መጀመሪያ ያንን ገጽ ገልጣችሁ እዩ። ብቻውን ደጅ ከሆነ መጽሐፉን መልሱት። በሰው እቅፍ፣ በማዕድ ዙሪያ፣ ያበላሸውን እያስተካከለ ከሆነ ውሰዱት።

*ሁለተኛ፣ እግዚአብሔር እንዴት ተሥሏል?* ከደመና ላይ በትር ይዞ የሚሰልል ነው ወይስ የጠፋችውን በግ የሚፈልግ እረኛ? ልጅ ቃሉን ሳያነብ በፊት ሥዕሉን ያነባል።

*ሦስተኛ፣ ልጄ ራሱን ያያል ወይ?* እ.ኤ.አ. በ2017 በዚያው በቶሮንቶ የወጣ ሌላ ጥናት ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆችን ስለ ማካፈል ፈተነ። ሰዎች ያሉበትን ታሪክ የሰሙት ይበልጥ አካፈሉ፤ ልብስ የለበሱ እንስሳት ያሉበትን የሰሙት ግን አልጨመሩም። ይህ ጦጣንና ጅብን ከቤታችን አያባርርም፤ ያስቁናል፣ ቋንቋም ያስተምሩናል። ነገር ግን ልጁ እንዲኖርበት የምንፈልገው ትምህርት እርሱን የሚመስል ልጅ ይፈልጋል። ጎደሬ የሚበላ፣ ከቡና ዛፍ ሥር የሚጫወት፣ ዝናብ ሲመጣ የተሰጣ ቡና የሚሰበስብ ልጅ።

*አራተኛ፣ ተረቱን ከእውነተኛው ታሪክ መለየት እችላለሁ ወይ?* የዋሽንግተን ዛፍ ታሪክ ራሱ ከሞተ በኋላ በጸሐፊ የተጨመረ እንጂ የሆነ ነገር አይደለም። ተረት ማንበብ ኃጢአት አይደለም፤ ጌታችንም በምሳሌ አስተምሯል። ልጃችን ግን «ይህ ተረት ነው፤ ይህ ግን በእውነት የሆነ ነው» ስንለው ይስማን። አንድ ቀን ስለ ባዶው መቃብር ስንነግረው ያ ልዩነት ያስፈልገዋል።

መጽሐፍ ባይገኝስ?

የሥዕል መጽሐፍ ዋጋ ለብዙ ቤት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። አፍሪካን ስቶሪቡክ በተባለው ድረ ገጽ በአማርኛ ጭምር የልጆች ታሪኮች በነጻ ይገኛሉ፤ አጥቢያችሁ አትሞ ለልጆች አገልግሎት ሊጠቀምባቸው ይችላል። ከዚያ የሚቀልም አለ። አንድ ደብተር፣ እርሳስ፣ መርፌና ክር። አያት በቤንችኛ ወይም በሸክኛ ይተርኩ፤ ልጁ ይሣል፤ እናንተ በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ጢሞቴዎስ እምነቱን ያየው በመጀመሪያ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ ነው። የአያት ድምፅ የገባበት መጽሐፍ በሱቅ አይገኝም።

እኛም ያንን መጽሐፍ አልጣልነውም። አንድ ቅዳሜ ማታ ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን በመጨረሻው ገጽ ላይ ነጭ ወረቀት ለጠፍንበት። «በሩ ምን ይሁን?» አልኳት። ክፍት በር ሣለች። በበሩ ላይ ከቤቱ የሚበልጥ ሰው ቆሟል። «ይሄ ማነው?» ስላት «አባቱ ነዋ! እየወጣ ነው» አለች።

ልጄ ከዚያ ወዲህ ዋሽታ አታውቅም ልላችሁ አልችልም፤ ትዋሻለች። ባለፈው ሳምንት ግን ዘይት ደፍታ፣ እጇ ዘይት እንደሆነ፣ ወደ እኔ ሮጠች። ልብሴ ተበላሸ። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ገና ጌታን ያላወቃችሁ፣ ግን ይህን የምታነቡ ወዳጆችም ትኖራላችሁ። ምናልባት ለእናንተም በልጅነታችሁ የተነበበላችሁ የተዘጋ በር ይሆናል። የወንጌሉ የመጨረሻ ገጽ ግን ያ አይደለም። አባቱ እየወጣ ነው።

ጸሎት፦ አባት ሆይ፣ ስንደበቅ ፈልገህ ስላገኘኸን እናመሰግንሃለን። በልጆቻችን ፊት አንተን በትክክል ሳናሳይ የቀረንበትን ይቅር በለን። በምናነብላቸው ቃልና በምናሳያቸው ፊት ወደ አንተ የሚወስደውን መንገድ እንዲያዩ እርዳን። በኢየሱስ ስም፤ አሜን።