በሃያ አራት ደጁ ላይ የቀሩት

በአዲስ አበባ የነዳያን ወር የሚዞረው በታቦት ነው። በአምስት አቦ፣ በሰባት ሥላሴ፣ በዐሥራ ሁለት ሚካኤል፣ በዐሥራ ሰባት እስጢፋኖስ፣ በሃያ አንድ ማርያም። በሃያ ሦስት ጊዮርጊስ ነውና ከየአቅጣጫው ወደ አራዳ ይወጣሉ። ገና ኪዳን ሳይደርስ ከበሩ ግራና ቀኝ ያለው ቦታ ተይዞ ያልቃል። ምእመኑ ጧፍ ገዝቶ፣ ከመንዛሪዎቹ ዘንድ ብሩን ዘርዝሮ፣ በተርታ እያደለ ይገባል። ስለት ያለበት ዳቦ ይቆርሳል፣ ሌላው ንፍሮ ያድላል፣ እንጀራ በወጥ ጠቅልሎ በፌስታል የሚያመጣም አለ። በዚያ ቀን ምግቡ ከእጅ በላይ ይሆንና የተረፈው በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል።

በማግስቱ ታቦቱ የተክለ ሃይማኖት ነው። መራመድ የሚችለው ወደ ተክለ ሃይማኖት ይወርዳል። መሪ የሌለው ዐይነ ስውር፣ ጉልበቷ የከዳት አሮጊት፣ ሕፃን የታቀፈች እናት፣ ለብቻው የሚያወራ ወጣት ግን ጊዮርጊስ ደጅ ይቀራሉ። በሃያ አምስትም በሃያ ስድስትም እዚያው ናቸው። የመሐል ከተማ ደብር እንግዳ ተቀባይነቱ መታየት ያለበት በእነዚህ ቀናት ይመስለኛል።

አራዳ ጊዮርጊስ ታላላቅ እንግዶችን ሲቀበል የኖረ ደብር ነው። የዐድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ ዛሬ የምናየው ስምንት ማዕዘን ሕንጻም የዚያ ድል መታሰቢያ ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስት አቃጠለው፤ ከነጻነት በኋላ ታድሶ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎችም ገቡበት። ጎብኚ ሲመጣ ይህ ሁሉ ይነገረዋል፣ መነገርም አለበት። በዚያው በር ግን ከዘውዱ በፊትም በኋላም ዘመድ የሌለው ሰው ሲገባ ኖሯል። ከገጠር መጥቶ ማረፊያ ያጣ፣ ከአሠሪዎቿ ቤት ሌሊት የወጣች ልጅ፣ ልጁን ቀብሮ ወዴት እንደሚሄድ የጠፋበት አባት፤ በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ሰው እግሩ መጀመሪያ የሚወስደው ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው። ማንነቱን ሳይጠየቅ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚያለቅስበት ሌላ ቦታ መሐል አዲስ አበባ ላይ እምብዛም የለም።

በ2016 ዓ.ም. የካቲት ላይ የዐድዋ ድል መታሰቢያ እዚያው አጠገብ ተመረቀ። በዚያው ዓመት በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ዶሮ ማነቂያና ሌሎች የፒያሳ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደ። የቤቶቹን እርጅና፣ የመጸዳጃውን ነገር የሚያውቅ ሰው ሁሉም ነገር እንደነበረ ይቅር አይልም። ደብሩ ግን አጥቢያውን በወራት ውስጥ አጣ። የቀሩት መንገዱ፣ መብራቱ፣ ቢሮዎቹና መንገደኛው ናቸው።

በአንድ ሃያ ሦስት ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት አጠገብ ተቀመጥኩ። ነጠላቸውን አጣፍተው ጸበል ይጠጣሉ።

“እማማ፣ ከየት መጡ?”

“ከአራብሳ ነዋ ልጄ።”

“እዚያ ቤተ ክርስቲያን የለም እንዴ?”

“አለ እንጂ። ግን የንስሐ አባቴም እዚህ፣ ማኅበሬም እዚህ። ሁለት ቀን ብጠፋ ‘ምን ሆና ነው?’ የሚለኝ ሰው ያለው እዚህ ነው።”

ይህ አነጋገራቸው ብዙ ነገር ገለጠልኝ። የደብር ድጋፍ ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው ምጽዋቱን ነው። ዋናው ድጋፍ ግን የተሠራው ከመተዋወቅ ነበር። የንስሐ አባት ቤት ለቤት እየዞሩ ጸበል ሲረጩ ማን አልጋ እንደያዘ፣ የማን ልጅ ሥራ እንደፈታ ያያሉ። ሰንበቴ የሚጠጡት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦና ጠላቸውን ይዘው ሲሰበሰቡ የቀረው ሰው ይጠየቃል፤ ለነዳያን የሚደርሰውም ድርሻ አይዘነጋም። ጽዋ ማኅበሩ በየወሩ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ሲዞር የጓዳውን ችግር ማንም ሳይናገረው ይረዳል። ለተቸገረች ጎረቤት ጤፍ የሚላከው፣ መድኃኒት የሚገዛው፣ የሞተባት የምትጽናናው በዚህ መንገድ ነበር። ሰፈሩ ሲበተን የተበተነው ይህ ዕውቀት ነው። አሁን ደጁ ላይ ያለውን ሰው የሚረዳው የማያውቀው አላፊ ነው፤ ሳንቲም ይወረውርለታል፣ ስሙን ግን አይጠይቀውም።

እኚያ እናት የሚያውቃቸው ሰው ስላላቸው ከከተማው ዳር ድረስ ይመጣሉ። ከበሩ አጠገብ ካርቶን አንጥፎ የተኛው ግን ሁለት ቀን ቢጠፋ ማን ይጠይቃል?

“ማደል ልመናን ያበዛል” የሚሉ ሰዎች አሉ። ሰውን ሊያታልሉ የሚፈልጉ፣ ሕፃን ተከራይተው የሚለምኑ መኖራቸውን ይጠቅሳሉ። እውነት አለበት። ይህን የሚያባብሰው ግን ሳይተዋወቁ መስጠት ነው። ማን ዘመድ እንዳለው፣ ማን ሕክምና እንደሚያሻው፣ ማን አገሩ የሚሸኘው ቢያገኝ እንደሚሄድ የሚያውቅ ደብር በቀላሉ አይታለልም። ለአእምሮ ሕመምተኛውና ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከሎች አሉ፤ ከተማው ያቋቋማቸው የምገባ ማዕከላትም አሉ። ብዙውን ጊዜ የጎደለው ከደጁ እስከዚያ ይዞ የሚሄድ ሰው ነው።

የሰበካ ጉባኤ የሚመራበት ቃለ ዐዋዲ የወጣው በ1965 ዓ.ም. ነው። ካህናትና ምእመናን ወንዶችና ሴቶች፣ ወጣቶችም ጭምር፣ ደብራቸውን አብረው እንዲያስተዳድሩ መንገድ ከፈተ። በብዙ የመሐል ከተማ አድባራት የጉባኤው ጊዜ በሕንጻና በሱቅ ኪራይ ጉዳይ ያልቃል። ገቢ ያስፈልጋል፣ አገልጋዮቹም ደመወዝ ይሻሉ። ነገር ግን መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው ደብር የሚጠራበት ቅዱስ እስጢፋኖስ መጀመሪያ የተመረጠው ለምን እንደነበር እናስታውስ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደተጻፈው፣ በየዕለቱ ምግብ ሲታደል መበለቶች ችላ ስለተባሉ ሰባት ሰዎች ለማዕድ አገልግሎት ተሾሙ፤ እስጢፋኖስ አንዱ ነበር። የቂሳርያው ባስልዮስም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለድኾች፣ ለሕሙማንና ለመንገደኞች ትልቅ ማረፊያ አሠርቷል። ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ ይጠራል። የእነዚህን ሰዎች ስም በየዓመቱ በታላቅ ድምቀት የምናነሣ ሕዝብ ነን፤ ሥራቸውንም በመዝገብና በድስት ብንቀጥለው እወዳለሁ።

የሚያስፈልገው አዲስ ሕንጻ አይደለም። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጥምቀት ላይ ያን ሁሉ ሕዝብ እንዴት እንደሚያስተናግዱ አይተናል፤ በሳምንት አንድ ከሰዓት ደጁ ላይ ተቀምጠው ስምን፣ አገርን፣ ሕመምን፣ ዘመድን ቢመዘግቡ አይከብዳቸውም። የሰንበቴ ቤቶቹ በሥራ ቀን ተዘግተው ነው የሚውሉት፤ ዝናብ ሲጥል ሊከፈቱ ይችላሉ። ምግቡም ቢሆን አልጠፋም፤ ችግሩ ሁሉም ስለቱን በአንድ ቀን ማድረሱ ነው። ስለዚህ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ሠላሳ ሣጥን የተሰመረበት ወረቀት ይለጠፍ። ቅዱስ ጊዮርጊስን መዘከር የሚፈልግ ሰው በሃያ ሦስት ይሳለም፤ ማዕዱን ግን ባዶ በሆነ ቀን ያምጣ፣ ስሙንም እዚያ ሣጥን ውስጥ ይጻፍ። ወረቀቱ በተለጠፈ ቀን ሃያ ስድስትን እኔ እይዛለሁ።