የሞተው ባትሪ የማን ሒሳብ ነው?

ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ስልክ አንድ ቀን ይሞታል። መጀመሪያ መሳቢያ ውስጥ ይከርማል። ከዚያ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ በሰፈር ሲያልፍ፣ ከተቃጠለ ካውያና ከአሮጌ ሪሲቨር ጋር ተደምሮ ይሸጣል። ቀጥሎ መርካቶ ይገባል። ከመርካቶ በኋላ የት እንደሚደርስ አብዛኞቻችን አናውቅም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የእኛ አለማወቅ አይደለም። ማወቅ ሥራው የሆነው መሥሪያ ቤትስ ያውቃል ወይ? የማያውቅ ከሆነስ ማን ነው የሚጠይቀው? የዛሬው ጉዳዬ ይኸው ነው፤ ስሙ ሲጠራ እንቅልፍ የሚያመጣ ቢመስልም፣ የአደገኛ ቆሻሻ ኦዲት።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፤ ምናለሽ ተራን አልወቅስም። እንዲያውም ይህች አገር ለምናለሽ ተራ ባለውለታ ናት። በርሜሉ ምድጃ፣ የመኪና ጎማው በረባሶ፣ ቁርጥራጭ ቆርቆሮው ባልዲ የሚሆነው እዚያ ነው። «ሪሳይክሊንግ» የሚለው ቃል በየስብሰባው አዳራሽ መወራት ከመጀመሩ በፊት ምናለሽ ተራ ሥራውን ይሠራው ነበር። ስንት ቤተሰብ በመዶሻና በመቀስ እንጀራውን የሚያገኝበት ሰፈር ነው።

ችግሩ ያለው ከብረቱና ከጎማው ጋር ተደባልቆ በሚመጣው ሌላ ዕቃ ላይ ነው። የመኪናና የሶላር ባትሪ ሲፈታ ውስጡ እርሳስና አሲድ አለ። የኤሌክትሪክ ገመድ መዳቡ እንዲወጣ ሲቃጠል ከፕላስቲኩ መርዛማ ጭስ ይነሣል። የፍሎረሰንት አምፖል ሲሰበር ሜርኩሪ ይተናል። የኬሚካል መያዣ የነበረ ጄሪካን ታጥቦ የውኃ ወይም የዘይት መያዣ ሲሆን ደግሞ ገዢው ምን እንደገዛ አያውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ እርሳስ የሚለው አጭርና አስደንጋጭ ነው፤ «ይህን ያህሉ አይጎዳም» ተብሎ የሚታወቅ መጠን የለም። ከሁሉም በላይ የሚጎዳው የሕፃናትን አእምሮ ነው። ባትሪ ሲፈታ የዋለ አባት አቧራውን በልብሱ ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ልጁም ሮጦ ያቅፈዋል። መርዙ እንዲህ ነው የሚሄደው፣ ድምፅ ሳያሰማ።

መሬት ላይ የፈሰሰውም እዚያው አይቀርም። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ጠራርጎ ወደ ወንዝ ይወስደዋል። የከተማዋ የምዕራብ ክፍል ፍሳሽ ወደ ትንሹ አቃቂ ይወርዳል፤ ወንዙ ደግሞ በመስኖ አትክልት ከሚያለሙ ማሳዎች አጠገብ አልፎ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል። ሰላጣውና ጎመኑ ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይመጣል። ስለዚህ «የመርካቶ ጉዳይ ነው፤ እኔ የምኖረው ሲኤምሲ ነው» የሚል ካለ ምሳው ከየት እንደመጣ ይጠይቅ።

ታዲያ ሕግ የለም ወይ? ሕግማ ሞልቷል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አደገኛ ቆሻሻን ያለ ፈቃድ ማመንጨት፣ ማስቀመጥ፣ ማጓጓዝም ሆነ ማስወገድ ከከለከለ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ራሱን ችሎ ወጥቷል። በዚያው ዓመት ለኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 ተከትሏል። ከዓለም አቀፍ ስምምነቶችም የባዝልና የባማኮ ስምምነቶች አባል ነን። በወረቀት ከታየ ምንም አይጎድለንም።

በወረቀቱና በምናለሽ ተራ መካከል ያለውን ርቀት የሚለካ አንድ ሙያ አለ፤ ኦዲት ይባላል። ብዙዎቻችን ኦዲተር ሲባል የሚታየን ደረሰኝ የሚቆጥር ሰው ነው። ያ የፋይናንስ ኦዲት ነው። ሌላው የክዋኔ ኦዲት ይባላል። እሱ የሚጠይቀው «ብሩ የት ገባ?» ብቻ ሳይሆን «ሥራው ተሠራ ወይ?» ብሎ ነው። በእኛ ጉዳይ ጥያቄዎቹ እነዚህ ይሆናሉ። በአገሪቱ ውስጥ ምን ያህል አደገኛ ቆሻሻ እንዳለ ተቆጥሮ ያውቃል? ፈቃድ የተሰጣቸው እነማን ናቸው? ፈቃድ ከተሰጠ በኋላስ ስንት ጊዜ ሄዶ ያያቸው አለ? በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ መጋዘን የተከመረው አሮጌ ኮምፒዩተርና ፕሪንተር በሐራጅ ሲሸጥ የት ይደርሳል? ቀላል ጥያቄዎች ናቸው። መልሳቸው ግን ቀላል አይሆንም።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት የፌዴራል ዋና ኦዲተር ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ከኦዲት በኋላ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ኃላፊዎችን ጠርቶ ፊት ለፊት ይጠይቃል። አዲስ አበባም የራሷ ዋና ኦዲተር አላት። እንግዲህ ጠያቂ የለም ማለት አይቻልም። ግን አስቡት፤ አንድ የሞተ ባትሪ ስንት ቢሮ ይነካል? ሲገባ ጉምሩክን፣ አዲስ ሆኖ ሲሸጥ ንግድ ቢሮን፣ ሲያረጅ አካባቢ ጥበቃን፣ ሲጣል የከተማዋን ጽዳት፣ ሰው ሲያሳምም ጤናን። እያንዳንዱ ቢሮ «የእኔ ድርሻ እስከዚህ ነው» ቢል ባትሪው በሁሉም መካከል ሾልኮ ይወጣል። የአካባቢ ጥበቃ ተቋሙ ራሱ ባለፉት ዓመታት ባለሥልጣን፣ ሚኒስቴር፣ ኮሚሽን፣ ከዚያም እንደገና ባለሥልጣን ሆኗል። ታፔላ በተቀየረ ቁጥር ፋይሉ ሳይጎድል ተሸጋግሯል ወይ ብሎ የሚያጣራውም ኦዲተር ነው።

እስካሁን ያወራሁት የአገር ውስጡን ነው። «ዓለም አቀፍ ትብብር» የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። አብዛኛው ዕቃችን ከውጭ ነው የሚገባው፤ የሚገባውም በጅቡቲ በኩል ነው። አሮጌ ኮምፒዩተር «ያገለገለ ዕቃ» ተብሎ ሲጫን በላኪው አገር መዝገብ ላይ ንግድ ነው። እዚህ ደርሶ አልበራ ሲል ቆሻሻ ነው። ላኪው ቆሻሻ አላክሁም ይላል፤ እኛም ቆሻሻ አልተቀበልንም እንላለን። ሁለቱም መዝገቦች ንጹሕ ናቸው፤ ዕቃው ግን ምናለሽ ተራ ነው።

አፍሪካ ይህን ጨዋታ በመራራ መንገድ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1988 በናይጄሪያ ኮኮ በምትባል የወደብ ከተማ ከጣሊያን የመጣ መርዛማ ቆሻሻ በአንድ ግለሰብ ግቢ ውስጥ በበርሜል ተከማችቶ ተገኘ። የአፍሪካ አገሮች አደገኛ ቆሻሻ ወደ አህጉሪቱ እንዳይገባ የከለከሉበት የባማኮ ስምምነት በ1991 የተፈረመው እንዲህ ያለው ቁጣ ሳይበርድ ነው። ያም ሆኖ በ2006 ፕሮቦ ኮዋላ ከተባለች መርከብ የወረደ መርዛማ ዝቃጭ በአቢጃን ከተማ በየቦታው ተደፍቶ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ሐኪም ቤት ለመሄድ ተገደዋል። ስምምነት ብቻውን መርከብ አያቆምም።

እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ምሳሌ አለ። የስምንት የአውሮፓ አገሮች ኦዲተሮች፣ ማለትም የኔዘርላንድ፣ የኖርዌይ፣ የፖላንድ፣ የሃንጋሪ፣ የቡልጋሪያ፣ የግሪክ፣ የስሎቬኒያና የአየርላንድ፣ አንድ ላይ ተነጋግረው እያንዳንዳቸው በአገራቸው የቆሻሻ ዝውውር ቁጥጥርን መረመሩ። በ2013 የጋራ ሪፖርት አወጡ። ያገኙት ምንድን ነው? ሕጉ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ አፈጻጸሙ ከአገር አገር ይለያያል፤ ቅጣቱም ይለያያል። ለሕገ ወጥ ነጋዴ ይህ ማለት ጠበቅ ያለውን ወደብ ትቶ ላላ ወዳለው መሄድ ነው። ይህን አንድ አገር ብቻዋን ኦዲት ብታደርግ አታየውም። የእሷ ወደብ ንጹሕ ይመስላታል፤ ቆሻሻው ግን ጎረቤት በኩል ወጥቷል።

«እነሱ አውሮፓ ናቸው» እንዳትሉኝ። የካሜሩን፣ የቻድ፣ የኒጀርና የናይጄሪያ ኦዲተሮች የሚደርቀውን የቻድ ሐይቅ ጉዳይ አብረው መርምረው በ2015 የጋራ ሪፖርት አውጥተዋል። ማለትም አፍሪካ ውስጥም ተሠርቷል። የዓለም አገሮች ዋና ኦዲተሮች ኢንቶሳይ የሚባል ማኅበር አላቸው፤ በ1953 ሃቫና ላይ የተመሠረተ ነው። ከ1992 ጀምሮ የአካባቢ ኦዲት የሥራ ቡድን አለው፤ ቡድኑ በ2004 የቆሻሻ አያያዝን እንዴት ኦዲት ማድረግ እንደሚቻል የሚያሳይ መመሪያ አሳትሟል። የአፍሪካው ክንፍ ደግሞ አፍሮሳይ ይባላል። መሣሪያው ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

ስለዚህ እኔ የምለው ይህ ነው፤ የኢትዮጵያና የጅቡቲ ኦዲተሮች በአንድ ወቅት፣ በአንድ ዓይነት መጠይቅ፣ ያንኑ መስመር ይመርምሩ። እነሱ ወደቡን ይዩ፤ የእኛዎቹ ደግሞ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጀምሮ እስከ መርካቶ ይዩ። ከዚያ ሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን ያስቀምጡ። በአንዱ ያለ በሌላው የጎደለ ኮንቴነር ካለ የዚያን ጊዜ ይታያል። አጋጣሚውም ጥሩ ነው፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በተሻሻለው የባዝል ስምምነት መሠረት የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በሙሉ፣ አደገኛ ያልተባለውም ጭምር፣ የተቀባዩ አገር ፈቃድ አስቀድሞ ካልተገኘ ድንበር ማቋረጥ አይችልም። ፈቃድ ማለት ደግሞ ወረቀት ነው። ወረቀት ካለ ኦዲት ይቻላል።

አንዳንዱ «ሌላ ስንት ችግር እያለ፣ ለዚህ ገንዘብ ከየት ይመጣል?» ይል ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ግን ከራሳችን ታሪክ እናገኘዋለን። በየመጋዘኑ ለዓመታት የተከማቸ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ መርዝ ነበረን። የሚያስወግድበት ቦታ አገር ውስጥ ስላልነበረ ከሺህ ቶን በላይ የሚሆነው በለጋሾች ገንዘብ ታሽጎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ፊንላንድ ሄዶ ተቃጠለ። ያም ዓለም አቀፍ ትብብር ነው፤ ግን ከረፈደ በኋላ የመጣ ውድ ትብብር። ቀድሞ የሚጠይቅ ኦዲተር ከዚህ ሁሉ ይረክሳል።

ከገንዘብ የከበደም ከፍለናል። በ2008 ዓ.ም. የሰንዳፋ የቆሻሻ ማስወገጃ ተከፈተ፤ በወራት ውስጥ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ተዘጋ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተናደና ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ኦዲት ክምር አያቆምም፤ አውቃለሁ። ግን «ሰንዳፋ ሲዘጋ ቀጣዩ ዕቅድ ምን ነበር? የክምሩን ከፍታ የሚከታተለው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከአደጋው በፊት በይፋ ተጠይቆ፣ መልሱ በይፋ ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ማሰቤን አልተውኩም።

አሁን ደግሞ ሌላ ማዕበል እየመጣ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሎ የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ እየበዛ ነው። ውሳኔውን አልቃወምም። ግን እያንዳንዱ መኪና ሆዱ ሥር በመቶዎች ኪሎ የሚመዘን ባትሪ ይዞ ነው የመጣው፤ ባትሪውም ያረጃል። ሲያረጅ አስመጪው ይረከበዋል? ወደ መጣበት ይመለሳል? ወይስ እሱም «ቆራሌው!» ይጠራል? መዝገቡ መከፈት ያለበት አሁን፣ መኪናው አዲስ ሳለ ነው።

የምፈራው አንድ ነገር አለ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲወጣ ወይም ሪፖርት ሲቀርብ ቀላሉ «እርምጃ» ደንብ አስከባሪ ልኮ ባትሪ የሚፈታውን ልጅ ማባረር ነው። ልጁ ይባረራል፤ ባትሪው ግን የትም አይሄድም። ወደ ሌላ ጓሮ ይገባል፣ የበለጠ ይደበቃል። ኦዲትን የምወደው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚጠይቀው ወደ ላይ ነው። «ለምን ፈታህ?» ብሎ ልጁን አይጠይቅም። «ጓንት፣ መሰብሰቢያ ቦታ፣ ፈቃድ ያለው ተረካቢ ለምን አልተዘጋጀለትም?» ብሎ ኃላፊውን ይጠይቃል። በ2022 በዓለም ላይ ከተፈጠረው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በሥርዓት ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ሀብታሞቹም ገና አልተወጡትም። እንዲያውም ከመሰብሰብ አንፃር ቆራሌው ከስንቱ አገር ሥርዓት ይሻላል፤ ቤት ድረስ ይመጣል፣ ገንዘብም ይከፍላል። የጎደለው ከቆራሌው በኋላ ያለው ነው።

ለእናንተ የቀራችሁ ድርሻ ትንሽ ናት። ያበጠ የስልክ ባትሪ አትብሱ፣ ከቤት ቆሻሻ ጋርም አትጣሉ። ስለ ዋና ኦዲተር ሪፖርት ዜና ሲመጣ ደግሞ ወደ ላይ ገፍታችሁ አትለፉት። የኦዲት ሪፖርት አንባቢ ሲያጣ መሳቢያ ውስጥ ይከርማል፣ ልክ እንደሞተ ስልክ። አንባቢ ሲኖረው ግን ኃላፊው ቋሚ ኮሚቴው ፊት ሲቀርብ «በሂደት ላይ ነው» ብሎ መውጣት ይከብደዋል። «ባትሪው የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲበዛ፣ መልስ የማዘጋጀት ግዴታ ያለበት ሰው ይገኛል።