የእድሩ ባርቤኪው እና የሰኔ ጾም



ሰኔ ሲገባ በአሜሪካ ያሉ የእድር አስተባባሪዎች ስልካቸው አያርፍም። ፓርኩ ተያዘ ወይ? ከሰል ማን ያመጣል? ጎድኑን ከየትኛው ሥጋ ቤት እናስቆርጥ? ቀኑ ግን ብዙም አያከራክርም፤ ጁላይ 4 ነው። ሰው ከሥራ ያርፋል፣ ልጆች ትምህርት የላቸውም፣ ከሌላ ከተማ ዘመድ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽንም ዓመታዊ ውድድሩን የሚያካሂደው በዚሁ ሰሞን ነው።

ጁላይ 4 በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 27 ነው። የኦርቶዶክስ ወገኖቻችን የሐዋርያት ጾም፣ በተለምዶ የሰኔ ጾም የሚባለው፣ ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ተነሥቶ እስከ ሐምሌ 5 ይዘልቃል። ፋሲካ ቢቀድምም ቢዘገይም ጁላይ 4 ከጾሙ አይወጣም። አንድም ዓመት አያመልጥም። የእድሩ ትልቁ የሥጋ ቀን፣ ከእድርተኛው ስንቱ ሥጋ በማይቀምስበት ቀን ላይ ተተክሏል ማለት ነው። «እሱ እኮ የቄስ ጾም ነው፣ ማን ይጾመዋል?» የሚል አይጠፋም። እናቶቻችን ይጾሙታል። ከምድጃው ራቅ ብለው ከቤት ያመጡትን ሽሮ ከፍተው የሚበሉትን ሴቶች ያየ ሰው ይህን አይልም።

ይህ ጴንጤውን ምን አገባው? ያገባዋል።

በእኛ መካከል ሁለት ልማድ አለ። አንደኛው ጭራሽ አለመሄድ ነው። ቢራ አለ፣ ዘፈን አለ እንላለን፤ በዚያው ቀን የቤተ ክርስቲያናችንን ፒክኒክ እናዘጋጅና ከራሳችን ሰዎች ጋር ስንበላ እንውላለን። ቢራውም ዘፈኑም እውነት ነው። ነገር ግን ጌታ ከቀራጮች ጋር ማዕድ በመቀመጡ በላተኛና ጠጪ ተብሎ ተሰድቧል (ሉቃስ 7)፤ ስሙ ሲጠፋም ማዕዱን አልተወም። ደግሞም ከእድር መውጣት ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? በአገር ቤት ወንጌልን በመቀበላቸው ከእድር የተሰረዙ፣ ለሬሳቸው መቀበሪያ ቦታ የተከለከሉ አባቶችና እናቶች ነበሩን። ዛሬ በስደት አገር ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ጴንጤውም በአንድ መዝገብ የሚመዘገብበት እድር አለ። ሰው ሲሞት አስከሬን ወደ አገር የሚሸኘው በዚህ መዋጮ ነው። ለቀብር ጊዜ አብረን ለመሆን መዋጮ ከፍለን ለደስታ ጊዜ ስንለይ፣ ጎረቤቶቻችን ስለ ወንጌላችን ምን እንዲያስቡ ነው የምንፈልገው?

ሁለተኛው ልማድ የባሰ ይመስለኛል። እንሄዳለን፣ ከዚያም በጾመኞቹ ፊት እንቀልዳለን። «እኛ በጸጋ ነን፣ ጾም አያውቀንም» እያልን ጥብሱን በሳህን ይዘን እናልፋለን። አንዳንዱም በአንድ እጁ አጥንት ይዞ ስለ ክርስቲያን ነጻነት ያስተምራል። ይህ ምስክርነት አይደለም። ሮሜ 14ን ስንሰብክ የማይበላው በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ የሚለውን እናጎላለን፤ የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ የሚለው ግን በዚያው ቁጥር አለ፣ ያውም ቀድሞ። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 8 መብል ወደ እግዚአብሔር እንደማያቀርበን ካስተማረ በኋላ የወንድሙን መሰናከል አስቦ ሥጋን እስከ ወዲያኛው ለመተው ቆረጠ። ነጻነቱን የተጠቀመበት ለመተው ነው። የዓመቱን ግማሽ ያህል የምትጾመዋን እናት ግን «ደካማ» ብዬ ለመጥራት አልደፍርም፤ የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ታውጆ በሁለተኛው ቀን ማታ ቡና የሚያምረን እኛ ነን።

ሙስሊም ወገኖቻችንንም አንርሳ። በአገራችን ደግሶ የሚጠራ ክርስቲያን ለሙስሊም እንግዶቹ ሙስሊም ጠርቶ ለብቻ ያሳርድ ነበር፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያን ጎረቤቱ እንዲሁ። ያለ አንዳች የሃይማኖት ክርክር የሚደረግ ወግ ነበር። ማንም እምነቱን አልሸጠም፣ ማንም ጦሙን አልሄደም። እዚህ ግን ዋጋ ላለማብዛት ሁሉንም በአንድ ብረት ላይ እንጠብሳለን። የፓርኩ ምድጃ ላይ ትናንት የአሳማ ሥጋ ተጠብሶበት ሊሆን እንደሚችል እንኳ አናስብም፤ ይህ ሙስሊሙን ብቻ ሳይሆን ኦርቶዶክሱንም የሚያስጨንቅ ነገር ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሐምሌ 5 ጾሙ ይፈታል፤ ይህ ጁላይ 12 ነው። ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1፣ ኦገስት 7 ነው። በመካከል ረቡዕና ዓርብ ያልሆነ፣ ሥጋ የሚበላበት ሦስት አራት ቅዳሜ አለ። ሕዝባዊ በዓል ካልሆነ ሰው አይመጣም ከተባለ ደግሞ የሴፕቴምበሩ ሌበር ዴይ አለ፤ ሁልጊዜ ሰኞ ነው፣ ፍልሰታ አልፏል፣ እንቁጣጣሽም ደርሷል። የሜይ መጨረሻው ሜሞሪያል ዴይም በአብዛኞቹ ዓመታት በዓለ ሃምሳ ውስጥ ይውላል። የግድ ጁላይ 4 ይሁን ከተባለ፣ ሁለት ሦስት ምድጃ ከየቤቱ ይምጣ። አንዱ ሐላል ሥጋ ብቻ ይጠበስበት፣ አንዱ ለጾመኛው በቆሎ፣ ድንችና ቃሪያ። መቆንጠጫው ከአንዱ ወደ ሌላው አይዙር። የጾሙ ምግብ ከጥግ ሳይሆን ከጠረጴዛው መካከል ይቀመጥ።

ይህንን በእድሩ ስብሰባ ላይ ጾመኞቹ ራሳቸው ቢያነሱት እንደ አቤቱታ ይቆጠራል፤ ብዙዎቹም አፍረው ዝም ይላሉ። ከጾሙ የማንጠቀም እኛ ብናነሳው ግን ሰው ይሰማል። ለጾሙ ምድጃ ቆሞ በቆሎውን የሚያገላብጥ፣ ማታም ብረቱን የሚፈገፍግ ሰው ሲጠየቅ ቀድሞ እጁን የሚያወጣው ጴንጤው ይሁን። የቤተ ክርስቲያናችን ፒክኒክም ወደ ሌላ ቅዳሜ ይዛወር።