እናቶቻችሁን በሐምሌ አትጥሩ

ጉዳዩ ተራ ይመስላል። የአየር ጠባይ ነገር ወሬ ሲጠፋ የሚነሣ እንጂ ሰው የሚሟገትበት ርዕስ አይደለም ይባላል። እኔ ግን በዚሁ ነገር ከወዳጆቼ ጋር ተሟግቻለሁ፤ ከገዛ እኅቴ ጋርማ አንድ ሰሞን ተኳርፈናል። ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም፤ የእኔም እጅ አለበት። እንዲያውም ዋናው ጥፋተኛ የተማርነው ትርጉም ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እኅቴ የምትኖረው ሳንፍራንሲስኮ ነው። እናታችንን ልትጠራ ባሰበች ጊዜ «ሰመር ላይ ትምጣ» ብላ ደወለች። እናቴ ወደ እኔ ዞራ፣ «ሰመር ምንድን ነው?» አለችኝ። እኔም ትምህርት ቤት እንዳስተማሩኝ ሳላመነታ «በጋ ነው» አልኳት። በጋ! በልጅነቷ ምጽዋን ላየች ሴት «በበጋ ወደ ባሕር ዳር» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ጋቢዋን አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው፤ ስስ ስስ ቀሚሶቿንና ክፍት ጫማዋን ያዘች። በሐምሌ አጋማሽ ደረሰች። በሦስተኛው ቀን ውቅያኖሱን ትይ ብለው ወሰዷት። ውቅያኖሱ አልታየም። የታየው ከውኃው ላይ እየተንከባለለ የሚመጣ ጉምና እንባ የሚያስፈስስ ነፋስ ነበር። እናቴ የልጇን ባል ካፖርት ደርባ ለጥቂት ጊዜ ከቆመች በኋላ፣ «ይኼ እኮ ደብረ ብርሃን ነው» አለች።

ከዚያ ወዲያ ለአምስት ሳምንት ከቤት ንቅንቅ አልል አለች። ዝነኛውን ድልድይ አየሽው ወይ ስንላት «እግሩን አይቻለሁ» ትላለች። ወደ አገሯ የተመለሰችው በነሐሴ መጨረሻ፣ ያ ሰማይ ሊገለጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ዳግመኛ አልሄደችም፤ ጉልበቷም አልፈቀደላትም። የኔ ቁጣ መነሻው ይኸው ነው።

እስቲ ከቋንቋው እንጀምር። ፈረንጅ ሰመር የሚለው ወራት ከእኛ ክረምት ጋር የሚገጥም ነው። መዝገበ ቃላቱ ግን ሰመርን በጋ፣ ዊንተርን ክረምት ብሎ አረፈው። የእኛ ክረምትና በጋ ከሁሉ በፊት የዝናብና የድርቀት ስሞች ናቸው፤ የብርድና የሙቀት አይደሉም። አራቱን ወቅቶች በቤተ ክርስቲያን ቁጥር የወሰደ ሰው ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 እንደሆነ፣ ከመስከረም 26 ጀምሮ መጸው እንደሚገባ ያውቃል። ገበሬው ዝናቡ ያባራበትን ጊዜ ጥቢ ይለዋል። ፈረንጆቹ በእነሱ አቆጣጠር ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ለሚገባው ወቅታቸው ስም አላቸው፤ ለእኛም ለእሱ የሚቀርብ ቃል ሞልቶናል። ግን «በመጸው ኑ» የሚል የግብዣ ስልክ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ሳንፍራንሲስኮን የሚያህል ከተማ መታየት ያለበት ግን በዚሁ ጊዜ ነበር።

የባሰው ስሕተት የከፍታ ነው። እኛ የተራራ ሰዎች ነን። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እያልን ሙቀትን በቁልቁለት እንለካለን፤ ወደ ባሕር የወረደ ሰው ወደ እሳት ወረደ ማለት ነው። ምጽዋ፣ አሰብና ጅቡቲ ይህን ሕግ አጽንተውልናል፤ ቀይ ባሕር ራሱ ሙቅ ነውና። በካሊፎርኒያ ጠረፍ ግን ሕጉ ይገለበጣል። እዚያ የውቅያኖሱ ሞገድ የሚወርደው ከሰሜን ነው። ከጸደይ ጀምሮ የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ጠረፉን እየታከከ ሲነፍስ የላይኛውን ውኃ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ በምትኩ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውኃ ይወጣል። በሰመር መካከል ባሕሩ 13 ዲግሪ ገደማ ነው። እርጥቡ አየር በዚህ ላይ ሲያልፍ ጉም ይሆናል። ከተራሮቹ ወዲያ ያለው ሰፊ ሸለቆ ደግሞ በዚያው ሰዓት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይግላል፤ የጋለው አየር ወደ ላይ ሲነሣ የባሕሩን አየር ወደ ራሱ ይስበዋል። በተራሮቹ መካከል በባሕር ወለል ልክ ያለው ዋናው ክፍተት ወርቃማው በር የሚሉት ጠባብ ወሽመጥ ነው፤ ድልድዩ በላዩ የተዘረጋበት። ጉሙም የሚገባው በዚሁ በር ነው። እንግዲህ ሸለቆው ይበልጥ በጋለ ቁጥር ከተማው ይበልጥ ይበርደዋል። ይህን ለእናቴ ባስረዳት፣ «ጎረቤት ሲነድ እኔ ልብረድ?» ባለችኝ ነበር።

አኃዙን ላምጣ። በሐምሌ የመሐል ሳንፍራንሲስኮ የቀን ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 19 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው አዲስ አበባ በዚያው ወር የምታገኘው ሙቀት ከዚህ ብዙም አይርቅም። እናቴ ከሐምሌ ሸሽታ፣ ግማሽ ዓለም ዞራ፣ ሐምሌ ውስጥ ገባች። ልዩነቱ እዚያ ዝናብ አለመኖሩ ነው፤ ጭቃው የሌለ ሐምሌ እንበለው። የእኅቴ ቤት ደግሞ ከከተማው በስተምዕራብ፣ ከውቅያኖሱ አጠገብ፣ ሰንሴት በሚባለው ሰፈር ነው። ስሙ የፀሐይ መጥለቂያ ማለት ነው፤ በሐምሌ ግን ፀሐይዋ ስትወጣም ስትጠልቅም የማትታይበት ቀን ይበዛል። ትዊን ፒክስ የሚባሉት ሁለት ኮረብቶች ጉሙን ስለሚያግዱት ከኮረብቶቹ በስተምሥራቅ ያለው ሚሽን ሰፈር በዚያው ሰዓት ፀሐይ ይሞቃል። የባሕር ሰላጤውን ተሻግሮ ኦክላንድ፣ የአበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በቴሌግራፍ ጎዳና፣ የባሰ ይሞቃል። እናቴን ግን ማን ነግሯት!

መስከረም ሲገባ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ነፋሱ ይደክማል፤ ከጥልቁ የሚወጣው ውኃ ይቀንሳል፤ ባሕሩም የዓመቱን ሙቀት የሚያገኘው በዚሁ ሰሞን ነው። ሸለቆው መብረድ ስለሚጀምር የባሕሩን አየር እንደ ቀድሞው አይስበውም። በዓመቱ ውስጥ ለከተማው ሞቃቱ ወር የሚሆነው እንግዲህ ሐምሌ ሳይሆን ፈረንጆቹ ሴፕቴምበር የሚሉት ወር ነው፤ የሚቀጥለውም ኦክቶበር አይርቀውም። በአማካይ የሁለት ዲግሪ ልዩነት ነው፤ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ነፋስ የሌለበት 21 ዲግሪና ጉም የተቀላቀለበት 19 ዲግሪ ለአንዲት አሮጊት ትከሻ አንድ አይደሉም። ድልድዩም ከነራሱ ይታያል።

ይህን ስል የሚመጣብኝ መልስ አላጣውም። የመጀመሪያው «ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚዘጉት በሰመር ነው፤ አያታቸውን መቼ ያግኙ?» የሚል ነው። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ በሐምሌ አባትና እናት ሥራ ናቸው፤ ልጆቹም የትም አይቀመጡም፣ የሰመር ማዋያ ተብሎ በየቦታው ተመዝግበዋል። አያት ሶፋ ላይ ብቻዋን ናት። በመስከረም ግን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ገና ሳለች፣ በእግሯ ሄዳ ከትምህርት ቤት በር ልትቀበላቸው ትችላለች። ለጎብኚ ብዙውን ጊዜ እስከ 6 ወር የሚፈቅድ አገር ሄዶ፣ ሁሉ በሚጎርፍበትና ቲኬት በሚወደድበት ሰሞን ካልመጣሁ ማለት ምን የሚሉት ጥድፊያ ነው?

«ለአየር ብሎ የመንገድ ቀን መምረጥ የፈረንጅ ቅብጠት ነው» የሚሉም አሉ። እነዚህኞቹን ብዙ አልከራከራቸውም። ለሠርጉ ቀን ዝናብ እንዳይመታው ጥርን የሚመርጥ ሕዝብ፣ ለአንድ ጊዜ የእናቱ መንገድ ወር መምረጥ ቅብጠት ሆነበት?

አፌን ያስያዘኝ ሌላው ነው። «እንቁጣጣሽንና መስቀልን ትታ የት ትሄዳለች?» ይላሉ። ይኼ ክርክር ክብደት አለው። ቤቷን ሳታጥን፣ ጎረቤት ሳታስገባ ዘመን የሚለወጥባት እናት ደስ ብሏት አትከርምም። በኦክላንድም በሳን ሆዜም አበሻው ቤተ ክርስቲያን አለው፤ በዓሉን ያከብራል፤ ግን አገር ቤት አይሆንም። ኮረብቶቹ እንኳ በመስከረም ቢጫ ናቸው፤ ከአደይ ሳይሆን ከደረቀ ሣር። እዚያ ዝናብ ደህና አድርጎ የሚጀምረው ወደ ኅዳር ገደማ ነውና፣ የእኛ ምድር ለምልማ በምትፈነድቅበት ሰሞን የእነሱ ምድር ውኃ ከጠማት ወራት አልፈዋል።

ከደረቀ ሣር ጋር ደግሞ እኔ ራሴ ልደብቀው የማይገባኝ ነገር አለ። ነፋሱ አንዳንዴ አቅጣጫውን ይለውጥና ከምሥራቅ፣ ከደረቁ ምድር ወደ ባሕሩ ይነፍሳል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 1991 በኦክላንድ ኮረብቶች የተነሣው እሳት 25 ሰዎች ገድሎ 3,000 ገደማ መኖሪያዎችን አወደመ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2017 መሐል ሳንፍራንሲስኮ 41 ዲግሪ ደረሰ፤ ማቀዝቀዣ የሌላቸው ቤቶች በበዙበት ከተማ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 2020፣ የእኛ ዘመን መለወጫ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በሰደድ እሳት ጢስ ምክንያት ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ብርቱካን መስሎ ዋለ፤ በቀትር መብራት ተበራ። ጋባዦች ይህንንም አውቀው ይጋብዙ፤ ጢስ በመጣ ቀን መስኮት ይዘጋ፣ አስም ያለባት እናት ካለች ሐኪም ትጠይቅ። እንዲህም ሆኖ ክፉ ቀኖቹ ጥቂት ናቸው። የሐምሌው ጉም ግን ቀጠሮ አያፈርስም።

አሁን እኅቴ አክስታችንን ልትጠራ ነው። ባለፈው ሰሞን ደውላ «ሐምሌ 10 ቀን ቲኬት አግኝቻለሁ» አለች። እኔም «መስከረም 5» አልኳት። በመስመሩ ላይ ረጅም ዝምታ ሆነ። በኋላ፣ «እሺ፤ እንቁጣጣሽን ቤቷ ውላ ትምጣ፤ መስቀልን እኔ አስውላታለሁ። ጋቢዋን ግን እንዳትረሳ» አለች። በጋቢው አልተከራከርኩም፤ ማታ ማታ በመስከረምም ቢሆን እዚያ ይበርዳል።