ከጦርነቱ በኋላ የደረሰው ወታደር

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ ስንነጋገር ምክሩን አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ከካህናትና ከመምህራን ነው። የዛሬው ግን የተገኘው ከአንድ አሮጌ ወታደር ነው።

ባለፈው የትንሣኤ ሰሞን የዘጠኝ ዓመት ልጄን ይዤ በለገጣፎ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ዘመዳችንን ልጠይቅ ሄድሁ። ዕድሜያቸው ዘጠናን ተሻግሯል። በወጣትነታቸው የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነው ኮርያ ዘምተዋል። ልጄ ይህን በመንገድ ሰምቶ ነበርና ገና ሰላምታው ሳያልቅ «አባባ፥ ስንት ጠላት ገደሉ?» ሲል ጠየቃቸው። እኔ ደነገጥሁ፤ እርሳቸው ግን ሳይቆጡ «አንድም አልገደልሁም፤ እኔ የደረስሁት ጦርነቱ ካቆመ በኋላ ነው» አሉት። ልጁ ጥቂት አሰበና ለመጫወት ወደ ግቢው ወጣ።

«የልጅ ልጆቼም እንደዚሁ ናቸው» ብለው ሣቁ።

ቃኘው የሚለው ስም የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ በባቡር፥ ከዚያም ሦስት ሳምንት ያህል በመርከብ ተጕዞ ፑሳን ገባ። ሦስት ሻለቆች በየተራ ተዋጉ፤ ከ120 የሚበልጡ ወንድሞቻችን ወደቁ፥ ከ500 በላይ ቈሰሉ፥ የተማረከ ግን አንድ ስንኳ አልነበረም። ተኵስ የማቆሙ ስምምነት የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው። ስምምነቱ ጠመንጃውን ዝም አሰኘው እንጂ የሰላም ውል እስከ ዛሬ አልተፈረመም፤ ስለዚህም ያን ጸጥታ ቆሞ የሚጠብቅ ወታደር ያስፈልግ ነበር። አዛውንታችን በ1946 ዓ.ም. የሄዱት ለዚሁ፥ ከአራተኛው ሻለቃ ጋር ነው። ከእነርሱም በኋላ ቍጥሩ እየቀነሰ ጥቂት ኢትዮጵያውያን እስከ 1957 ዓ.ም. በዚያው ቆይተዋል።

«ከእኛ በፊት የሄዱት የጀግንነት ወሬ ይዘው ተመለሱ፤ እኔ ይዤ የተመለስሁት ሳል ነው» አሉኝ። ምሽግ ይጠግናሉ፥ ዘብ ይቆማሉ፥ ይሰለፋሉ፥ ተመልሰው ዘብ ይቆማሉ። ጠላታቸው ብርዱ ነበር። በክረምቱ ሌሊት ጠመንጃውን በባዶ እጁ የነካ ሰው ቆዳው ከብረቱ ጋር ይጣበቅ ነበር አሉ። የደጋ ልጅ ነኝ፥ ብርድ አውቃለሁ ብለው ይመኩ እንደ ነበርም አልደበቁኝም።

ከሴኡል በስተ ሰሜን ዶንግዱቾን በምትባል ከተማ ቦህዋዎን የሚሉት የሙት ልጆች ማሳደጊያ ነበረ። ያቋቋሙት ከደመወዛቸው እያዋጡ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ናቸው። አዛውንታችን ረቡዕና ዓርብ የሚደርሳቸውን የታሸገ ሥጋ ሳይከፍቱ እያስቀመጡ፥ ተራቸው በደረሰ ጊዜ ለእነዚያ ልጆች ይወስዱ ነበር። «ሁልጊዜ ግን አይደለም» አሉ፤ «ብርዱ ሲጸናብኝ የበላሁበት ዓርብ አለ።» የጾም ትርፉ ለድኻ ነው እየተባልን ስናድግ የሰማነውን ትምህርት እንዲህ ከነጕድለቱ የነገረኝ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ከልጆቹ መካከል የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ የሆነ አንዱ በተለይ ወደዳቸው። ባያቸው ቍጥር «አጀሺ!» እያለ ይሮጥ ነበር፤ በአገሩ ቋንቋ አጎቴ እንደ ማለት ነው። የልጁን ስም ግን ረስተዋል። «አጀሺ ያለኝን አልረሳሁም፤ እኔ የጠራሁትን ስም ረሳሁት» ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ፎቶግራፍም የላቸውም። አንድ ነበረ። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በመጣው መንግሥት ዘመን ሰሜን ኮርያ ወዳጅ አገር ስለ ሆነች ኮርያ ዘምቼ ነበር ማለት የሚያስፈራ ነገር ነበርና፥ ባለቤታቸው አንድ ሌሊት ሳይነግሯቸው ምድጃ ውስጥ ጨመሩት። እማማ ቡናውን እየቀዱ «ልጆቼን አስቤ ነው» አሉ። አዛውንቱም «ደግ አደረግሽ» አሉ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ተባብለውት ይሆን ብዬ አሰብሁ።

ወደ አገር የመመለሻው ቀን በቀረበ ጊዜ ሊሰናበቱ ሄዱ። ልጁ መቼ ትመጣለህ እንደ ማለት በእጁ ጠየቃቸው። እርሳቸውም ጣቶቻቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው እንደሚወርድ በረዶ እያርገፈገፉ ዝቅ አደረጉ፤ በረዶው ሲመለስ እመለሳለሁ ማለታቸው ነው። ልጁ ሣቀና ለቀቃቸው። እንደማይመለሱ ግን ያውቁ ነበር።

«ሕፃን ለማጽናናት የተነገረ ነው፤ ይህን ያህል ሊከብድዎ አይገባም» አልኋቸው።

በዚያን ዕለት ፊታቸው ሲለወጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «የቤቱ ሞግዚት በአስተርጓሚ ነግራኛለች። እናቱ አሁን እመጣለሁ ብላው ነው የሄደችው። እንዲያ ብሎት የሄደ ሁለተኛ ሰው እኔ ነኝ።»

ለንስሐ አባታቸው ተናግረው ቀኖናቸውን ፈጽመዋል። ሆኖም በኅዳር የለገጣፎ ነፋስ ሲነሣ ያ ልጅ ወደ ሰማይ አንጋጦ ይታያቸዋል። በግንቦት 1960 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለኢትዮጵያ ዘማቾች ቹንቾን ላይ የቆመውን ሐውልት ሊመርቁ በሄዱ ጊዜ ወሬውን በሬዲዮ ተከታትለው ነበር። «ከሕዝቡ መካከል ይኖር ይሆናል አልሁ። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ይሞላዋል» አሉኝ።

እኔ ዝም አልሁ። በዚያው ጧት ልጄ አልሄድም ብሎ ባስቸገረኝ ጊዜ «ስንመለስ የለገዳዲን ግድብ አሳይሃለሁ» ብዬው ነበርና። የማሳየት አሳብ አልነበረኝም፤ እስኪነሣልኝ ብቻ ነው።

ሰዓቱ ዐሥር ካለፈ በኋላ ልጁ ከግቢው ገብቶ «ግድቡስ?» አለኝ። አዛውንቱ ወደ እኔ ተመለከቱ። ከዚያም ከዘራቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ፥ እስከ ውጭው በር ሸኙን፥ መንገዱንም ወደ ምሥራቅ አመለከቱን።