ያስተማረ ይሸኛል፣ ያላስተማረ ይራዘምለታል

በመጪው ሐምሌ 60 ዓመት ይሞላኛል። በመንግሥት ሥራ 34 ዓመት ቆይቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት በአዲስ አበባ ከመሬት ሥር የተቀበረ የውኃ መስመር ስከተል ነው። አለቆቼ ደግ ሰዎች ናቸውና ‹‹ጋሼ፣ አገልግሎትዎን እናራዝምልዎ፤ እርስዎ ብቻ እሺ ይበሉ›› ብለውኛል። ባለቤቴ ‹‹እሺ በላቸው›› ትላለች፤ ልጆቼ ‹‹በቃህ›› ይላሉ። እኔ እሺ አላልኩም። ደክሞኝ አይደለም፤ ቤት መዋል አምሮኝም አይደለም። እንቢ ያልኩት ማራዘሚያው እንዲፈቀድልኝ ወረቀቱ ላይ መስፈር ስላለበት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እሱን ኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ እንነጋገር፤ የጡረታ ወሬ ቤት ውስጥ ሲነሣ ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነውና። በየወሩ ከደመወዛችን 7 በመቶ ይቆረጣል፤ ቀጣሪው መሥሪያ ቤት 11 በመቶ ያዋጣል። ዕድሜው ሲደርስ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ደመወዝ አማካይ ይወሰዳል። ከዚያም ለመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት 30 በመቶ፣ ለተረፈው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ 1.25 በመቶ ይታሰባል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የእኔ 34 ዓመት 60 በመቶ ላይ ያደርሰኛል። ሲሰሙት ደህና ይመስላል። ግን ስሌቱ የአማካዩ እንጂ የዛሬው ደመወዝ አይደለም። ደመወዛችን በመስከረም 2018 ተሻሽሏል፤ አማካዩ ግን ከዚያ በፊት የነበሩትን ቀጫጭን ወራትም ይዞ ይመጣል። አማካዩ 14,000 ብር የሆነለት ሰው 60 በመቶው 8,400 ብር ነው። በዚህ ገንዘብ ዛሬ አንድ ኩንታል ደህና ጤፍ አይገዛም። ከሐምሌ 2016ቱ የብር ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ የመድኃኒት ዋጋ የት እንደደረሰ የስኳርና የደም ግፊት ታማሚ የሆነ ሰው ይንገራችሁ።

የተራዘመለት ሰው ግን ሙሉ ደመወዙን እያገኘ ይቀጥላል። ስለዚህ ለእንጀራው ብሎ ‹‹ይራዘምልኝ›› የሚለውን ሰው የምወቅስበት አፍ የለኝም። በተለይ ቤት የሚከራይ፣ ልጁን ገና ዩኒቨርሲቲ ያላስገባ ሰው ጡረታን የሚያየው እንደ ዕረፍት ሳይሆን እንደ ደመወዝ ቅጣት ነው። 55 ዓመት ሞልቶት፣ 25 ዓመት ያገለገለ ሰው በፈቃዱ ቀድሞ መውጣት እንደሚችል ሕጉ ቢፈቅድም፣ ይህን ዕድል የሚጠቀመው ሌላ ገቢ ያለው ወይም ልጆቹ ከውጭ የሚልኩለት ነው።

ሌላው የተለመደ ክርክር ‹‹ሽማግሌዎቹ ይውጡና ወጣቱ ይግባ›› የሚለው ነው። ዲግሪ ይዘው ሰፈር ውስጥ የሚውሉ ልጆችን በየቀኑ ስለማይ ሐሳቡን አልንቀውም። ነገር ግን የተለቀቀ መደብ ሁሉ ወዲያው ሰው አይቀጠርበትም፤ በጀት ይጠብቃል፣ የመዋቅር ጥናት ይጠብቃል። ሰው ቢቀጠርበትም እንኳ አዲሱ ልጅ የሚረከበው ወንበሩንና የደመወዝ ደረጃውን ነው። ሙያውን የሚያስረክበው ሰው ከሌለ ሙያው ከባለቤቱ ጋር በር ወጥቶ ይሄዳል።

ሙያ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳ። ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ከአስፋልት ሥር አሮጌ መስመሮች አሉ። ካርታ ላላቸው ካርታው የተሠራው መንገዱ ሳይሰፋ በፊት ነው፤ ‹‹ከግንቡ ጥግ 4 ሜትር›› ይላል፣ ግንቡ ግን ከፈረሰ ቆይቷል። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ሲጀመር ቁፋሮ መስመር በነካ ቁጥር ቀድሞ የሚፈለገው ቫልቩ የት እንደተቀበረ የሚያውቅ ሰው ነበር።

ቫልቩ ተገኘ ማለትም ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። በችኮላ ከተዘጋ በቧንቧው ውስጥ ሲሮጥ የነበረው ውኃ በድንገት ይቆምና ግፊቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላ ቦታ ያለ ደካማ መገጣጠሚያ ያፈነዳል። ስለዚህ ቁልፉ ቀስ ተብሎ ይዞራል፤ በተለይ የመጨረሻዎቹ ዙሮች ላይ እጅ መታገሥ አለበት። ከጥንቶቹ መካከል ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ሲዞሩ የሚዘጉ አሉ። ይህን ያልተነገረው ጉልበተኛ ልጅ ‹‹ዝጓል›› ብሎ ሲታገለው ዘንጉን ይሰብረዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው አስፋልት ማስቆፈር ነው። የሚያፈስ መስመር ፍለጋ ስንወጣም ሌሊት እንመርጣለን፤ ሰው ሲተኛ ፍጆታው ይቀንሳል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ከተማውም ጸጥ ይላል። የብረት ዘንግ አንዱን ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ ሌላውን ጆሮ ሥር ማድረግ ነው። ሰው ሲጠቀም የሚሰማው ድምፅ ይመጣል ይሄዳል፤ የሚፈስ መስመር ግን አያቋርጥም። ይህን በክፍል ውስጥ ማስተማር ይቻል ይሆናል፤ ጆሮ የሚለየው ግን ደጋግሞ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሲወጡ ነው።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገሩ ልምጣ። በ1999 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ የጡረታ ዕድሜው የደረሰ ሠራተኛ አገልግሎቱ በአንድ ጊዜ እስከ 5 ዓመት፣ በጠቅላላው እስከ 10 ዓመት ሊራዘም እንደሚችል ደንግጎ ነበር። ቅድመ ሁኔታዎቹም ግልጽ ነበሩ፦ ሙያው ለመሥሪያ ቤቱ አስፈላጊ መሆን አለበት፤ ጤንነቱ በሐኪም መረጋገጥ አለበት፤ ሠራተኛው ራሱ መስማማት አለበት። ሌላም አለ፤ በደረጃ እድገት፣ በዝውውር ወይም በአዲስ ቅጥር የሚተካው ሰው ማግኘት ያልተቻለ መሆን አለበት። የማራዘሚያ አስተሳሰባችን እስከ ዛሬ በዚህ ቅኝት ነው የሚሄደው።

ሲያዩት ምክንያታዊ ነው፤ ሰው ካለ ለምን ይራዘማል? ውጤቱን ግን ከወንበሩ በኩል ሆናችሁ እዩት። 50 ዓመት ያለፈው ባለሙያ ከ60 በኋላ መቆየት ከፈለገ የሚያዋጣው ምንድን ነው? ለማንም አለማሳየት። ረዳቱን ካስተማረ የሚተካው ሰው ተገኘ ማለት ነው፤ ጋቢና የምስክር ወረቀት ተሸልሞ ይሸኛል። ደብቆ ከቆየ ደግሞ ‹‹ምትክ የለውም›› ተብሎ ይለመናል።

ይህን በዓይኔ ያየሁት ነው። ከዓመታት በፊት፣ በሌላ ቦታ፣ አብሮኝ የሠራ ሰው ነበር፤ እጁ ሥራውን አሳምሮ ያውቀዋል። ማስታወሻ ደብተሩ ከደረት ኪሱ አይወጣም። ቫልቭ ጋ ሲደርስ ረዳቱን ‹‹ሂድ መኪናው ውስጥ አካፋ አለ፣ አምጣ›› ይለዋል፤ ልጁ ሲመለስ ክዳኑ ተገጥሟል። 60 ሲሞላው ማን ይተካው? ማንም አልነበረም። ተራዘመለት፤ ጊዜው ሲያልቅ እንደገና ተራዘመለት። ሕግ አልጣሰም፤ ሕጉ የጠየቀውን በሚገባ ነው ያሟላው። በመጨረሻ ሲወጣ ደብተሩም አብሮት ወጣ፤ ክፍሉም ከባዶ ጀመረ።

እኔ ጋ ደግሞ አብረውኝ የሚወጡ ሁለት ወጣቶች አሉ። አንደኛዋ ቫልቭ ባገኘን ቁጥር ቦታውን በስልኳ ትመዘግባለች፣ ፎቶ ታነሣለች፣ በየት በኩል እንደሚዘጋና ስንት ዙር እንደሚፈጅ ትጽፋለች። እኔ በቃል የያዝኩትን እሷ ማንም ሊከፍተው በሚችል ፋይል ውስጥ አስቀምጣዋለች። አሁን ሌሊት ስብራት አለ ተብሎ ሲደወል ቀድማኝ ትደርሳለች፤ አንዳንዴም እኔ ስደርስ ዘግታ ጨርሳለች። ለእኔ ማራዘሚያ ሲጻፍ ‹‹በምትኩ የሚሠራ ሰው አልተገኘም›› መባል አለበት። ይህ ሲጻፍ ልጅቷ ጎን ካለው ክፍል ተቀምጣለች። ፊርማዬን የማላኖርበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ወረቀቱ ውሸት ነው፣ ውሸቱም የሚጎዳው እሷን ነው። የደረጃ እድገቷም በእኔ መቆየት ልክ ይዘገያል።

‹‹ታዲያ ያንተ እውቀት ይባክን?›› የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። አይባክን። ማራዘሚያ ይቅርም አላልኩም። ማራዘሚያውን የሚያስገኘው ጥያቄ ይገልበጥ ነው የምለው። አንድ ባለሙያ 57 ዓመት ሲሞላው ማኅደሩ ውስጥ የሚያሠለጥናቸው ሰዎች ስም ይግባ። የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት የሥራ ምዘናው ግማሹ በእነሱ ይለካ፤ ብቻቸውን ሥራውን መሥራት ችለዋል ወይስ አልቻሉም? 60 ሲደርስ ሰው ያፈራው ቅድሚያ ይሰጠው፤ የሚራዘምለትም በመደብ ወንበሩ ላይ ሳይሆን በአሠልጣኝነት፣ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን፣ በቀን አበል ይሁን። ወንበሩ ለተተኪው ይለቀቅ። እንዲህ ከሆነ ሽማግሌውም ከጡረታው በላይ ጥቂት ገቢ ያገኛል፣ ወጣቱም ያድጋል፣ መሥሪያ ቤቱም ደብተር ይዞበት የሚወጣ ሰው አይኖረውም።

ይህ ለሁሉም ሙያ በአንድ ልክ እንደማይሰፋ አውቃለሁ። የዩኒቨርሲቲ መምህር ሥራው ራሱ ማስተማር ነው፤ የዶክትሬት ተማሪ የሚያማክር ፕሮፌሰር ቢራዘምለት በየዓመቱ ተተኪ እያፈራ ነው የሚቆየው። እጁ ወርቅ ሆኖ አንደበቱ የማይታዘዝለት ባለሙያም አለ፤ እሱን በካሜራ እየቀረፁ፣ ከጎኑ ሰው እያቆሙ ማስተማር ይቻላል። ሆን ብሎ የደበቀውን ግን ‹‹አስፈላጊ ሰው›› ብሎ መሸለም ይብቃ።

የመውጫውን ቀን በራስ መወሰን ትልቅ ጸጋ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በጥቅምት 2003 የኒው ዮርክን ማራቶን ጉልበቱን አሞት አቋርጦ ‹‹በቃኝ›› አለ፤ ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ቀይሮ ተመለሰ፤ ሩጫን በይፋ የተሰናበተው በግንቦት 2007 ነው። ከእሱ የምወስደው ትምህርት ጉልበት ባመመ ቀን አለመወሰንን ነው። አብዛኛው የመንግሥት ሠራተኛ ግን የቀኑ ምርጫ በእጁ አይደለም፤ ልደቱ ይወስንለታል። በእጁ ያለው ከዚያ ቀን በፊት ያሉትን ዓመታት በምን እንደሚያሳልፍ ብቻ ነው።

እኔ ከሐምሌ በኋላ ሥራ አላቆምም። የእድራችን ጸሐፊነትና የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ከወዲሁ ታጭተውልኛል፤ ጡረተኛ ጊዜ አለው ብሎ የማያስብ ሰው የለምና። እንጀራዬን ግን የሕንፃ ቧንቧ በመዘርጋትና በመጠገን እጨምርበታለሁ፤ አብረውኝ ይወጡ የነበሩት ሁለቱ ወጣቶችም ሲቸግራቸው ስልኬን ያውቁታል። ለሕግ አውጪዎቻችን የምለው አንድ ነገር ነው፦ ማራዘሚያ የሚጠይቀውን ሰው ‹‹ማን ይተካሃል?›› ከማለት ‹‹ማንን አስተማርክ?›› በሉት። ስም መጥራት ከቻለ፣ የተጠራውም ልጅ ሥራውን ሠርቶ ካሳየ፣ ይቆይ። ካልቻለ አንድ ዓመት ይሰጠው፤ ያም ዓመት ለማስተማር ብቻ ይሁን።