«ሳበው!» ላለን ገጣሚ

ባለፈው እትማችን የወጣውን የመንኮራኩር ግጥም ያላነበበ ያለ አይመስለኝም። በካፌ ሰልፍ ላይ ሳይቀር በቃል ሲወርድ ሰምቻለሁ። ገጣሚው ወንድሜ ነው፤ ከዶርሜ ሁለት በር አልፎ ያድራል፤ ስሙን አልጠራም። በቤት አመታቱም ሆነ በቃላት አመራረጡ ጣት የምቀስርበት ነገር የለኝም። ጠቤ ከሐሳቡ ጋር ነው።

ግጥሙ አገራችንን መንኮራኩር ያደርጋታል። የሠለጠኑትን አገሮች ደግሞ ከፊቷ የምትሄድ ሌላ መንኮራኩር ያደርጋቸዋል። ከዚያም አገራችን አፍንጫዋን ወደ ፊት ቀስራ፣ እሳቷን ከኋላ ለቅቃ፣ እንደ ቀስት ቀጥ ብላ እንድትደርስባቸው ያዝዛታል። የሶዶ መናኸሪያ ረዳት የሚኒባሱን ጎን በመዳፉ መትቶ «ሳበው!» እንደሚለው ማለት ነው። በኪነት ምሽቱ ሲነበብ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ አልክድም።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ያቺ መንኮራኩር አትደርስም።

ይህን የምለው ከሆዴ አውጥቼ አይደለም፤ ተሞክሯል። ግንቦት 26 ቀን 1957 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጀሚኒ 4 የተባለች የአሜሪካ መንኮራኩር ወደ ጠፈር ወጣች። አዛዧ ጄምስ ማክዲቪት ያወጣቸውን ሮኬት ሁለተኛ ክፍል፣ ከተላቀቃቸው በኋላ ባዶውን ሲንሳፈፍ እያየ ሊጠጋው ፈለገ። ሰውየው የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነው፤ የሚያውቀውን አደረገ። አፍንጫውን ወደዚያ አዞረና ሞተሩን ነካ አደረገው። ራቀው። እንደገና ነካ አደረገው፤ ባሰበት። ለመንቀሳቀሻ ከያዘው ነዳጅ ግማሽ ያህሉ ካለቀ በኋላ ነገሩ ተተወ። እንግዲህ የእኛ ገጣሚ ያዘዘው ልክ ይህንኑ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ከዳሞታ ልነሣ። ዳሞታ ጫፍ ላይ ቆመህ ወደ አባያ አቅጣጫ ድንጋይ ብትወረውር ጎብጦ ይወድቃል። አጥብቀህ ብትወረውር ርቆ ይወድቃል። አየር የሚይዘው ባይኖርና ክንድህ በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስወነጭፍ ቢሆን ግን፣ ድንጋዩ ሲወድቅ ምድርም ከሥሩ እየጎበጠች ስለምትሸሸው፣ ዓለምን ዞሮ በጀርባህ ይመጣብሃል። (ያኔ ጎንበስ በል!) ምሕዋር የሚባለው ይኸው ነው፤ መውደቅ ነው፣ ግን መሬት የማያገኝ መውደቅ። ነገሩን ያሰበው ኒውተን ነው፤ ዳሞታን ስላላየ በአንድ ረጅም ተራራ ላይ መድፍ አስቀምጦ አስረዳ።

ሕጉ እንዲህ ነው። ዝቅ ብሎ የሚዞር ይፈጥናል፤ ከፍ ብሎ የሚዞር ይዘገያል። ከመሬት 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለች መንኮራኩር አንድ ዙር ለመጨረስ 92 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጅባታል። 300 ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው በ90 ደቂቃ ተኩል ትጨርሳለች። ሁለት ደቂቃ ምን አላት እንዳትል፤ በዚያ ፍጥነት ሁለት ደቂቃ ማለት ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከሶዶ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ይበልጣል።

አሁን ከፊትህ ያለችውን ለመያዝ እሳት ለቅቀህ ብትፈጥን፣ ጉልበት ስለጨመርክ ከፍ ትላለህ፤ ከፍ ስላልክ ዙሩ ይረዝምብሃል፤ እሷ ጥላህ ትሄዳለች። መድረስ የፈለገ ፍሬን ይይዛል። ፍሬን ሲይዝ ይወርዳል፣ ሲወርድ ይፈጥናል፣ በሥር በኩልም ይቀርባል። ከ400 ወደ 300 ለመውረድ ሁለት ጊዜ ፍሬን መያዝ አለብህ፤ በያንዳንዱ ከፍጥነትህ በሰከንድ 29 ሜትር ያህል ትቀንሳለህ። ሁለት ጊዜ ቀንሰህ መጨረሻ ላይ ከመነሻህ በሰከንድ 57 ሜትር ያህል ፈጥነህ ትገኛለህ! ቁልቁለቱ ነው የሰጠህ።

ይህን ሳነብ ተናደድኩ። ፊዚክስን ጥዬ ወደ ሶሻል የዞርኩት «ለአንተ አይሆንም» ተብዬ ነው። የምሕዋርን ፍጥነት ቀመር በእንግሊዝኛ ሸምድጄ፣ ቁጥር አስገብቼ፣ ሙሉ ነጥብ አግኝቼ ነበር እኮ። በቀመሩ ውስጥ ርቀት በአካፋይነት ስለገባ ከፍ ያለው ይዘገያል ማለት እንደሆነ የነገረኝም የጠየቀኝም አልነበረም። ስለዚህ ገጣሚውን አላወቅህም ብዬ ብቻ አልወቅሰውም። እኔም ቀመሩን በጉንጬ ይዤ አላውቅም ነበር።

በክረምቱ ዕረፍት ሃላሌ፣ ቤታችን፣ ማታ ቡና ላይ ነገሩን ለአባቴ በወላይትኛ አወራኋቸው። አባቴ ፊደል አልቆጠሩም። ፍሬን ይዞ መቅደም የሚለውን ሲሰሙ ሳቁ፤ እንደገና አስነገሩኝ። ከዚያ ሲኒያቸውን አስቀመጡና፣ «እሺ ልጄ፣ በፍጥነት ደረሰባት እንበል። ታዲያ ሳያልፋት እንዴት ይቆማል?» አሉኝ። እዚህ ግቢ ውስጥ ለአሥር ሰው ባወራ ይህን የጠየቀኝ አንድም የለም።

የጥያቄው መልስ ታኅሣሥ 6 ቀን 1958 ዓ.ም. በተግባር ታይቷል። ጀሚኒ 7 ከ11 ቀን በፊት ወጥታ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትዞር ነበር። ዋልተር ሺራና ቶማስ ስታፎርድ በጀሚኒ 6 ተነሥተው ምሕዋር ሲገቡ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከኋላዋ ነበሩ፤ ነገር ግን ከእሷ ዝቅ ብለው። ስድስት ሰዓት ያህል በዝቅተኛው መንገድ እያሳጠሩ፣ በየቦታው በልኩ ከፍ እያሉ ሄዱና፣ በስተመጨረሻ ከፍታቸውም ፍጥነታቸውም ከእሷ ጋር እኩል ሆነ። መቆም ማለት ያ ነው። ሁለቱም በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ እየከነፉ፣ አንዷ ለሌላዋ ግን ዝም ብላ የቆመች ናት። እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ተቀራረቡ።

ይህም የሚሆነው ሁለቱ ምሕዋሮች በአንድ አቅጣጫ የተጋደሙ ሲሆኑ ነው። የምሕዋርን ጋድሞሽ አንድ ዲግሪ ብቻ ለማዞር በሰከንድ 134 ሜትር ያህል ይጠይቃል፤ ሁለቱ ፍሬኖች ተደምረው ከሚጠይቁት እጥፍ በላይ። ስለዚህ አስወንጫፊዎቹ ምድር ዞራ ማስወንጨፊያውን ከዚያ ምሕዋር ሥር እስክታደርስላቸው ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ለዚህ በግጥሙ ውስጥ ግማሽ ስንኝ አልተሰጠውም።

ይህን ያነበበ ሌላ ወገን ደግሞ ደስ ብሎት «አላልንም? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል!» ሊለኝ ነው። ወዳጄ፣ አንተንም አልምርህም። ፍሬን የያዘው ሰው አልተኛም። ከፍታውን ሸጦ ፍጥነት ገዝቷል፤ ስንት እንደሸጠ፣ ስንት እንደገዛ፣ በስንት ዙር እንደሚደርስ በሰከንድ ያውቃል። አንተ ግን ቀጠሮም ሒሳብም የለህም። የመንኮራኩርን ነገር ለስንፍና ምስክር አድርጎ ማቅረብ ከገጣሚው ስሕተት የባሰ ነው፤ እሱስ ቢያንስ መድረስ ፈልጓል።

የዝግጅት ክፍሉ አንድ ባልደረባ ይህን ጽሑፍ አገላብጦ «ይህ እኮ የሳይንስ ነው፤ የእኛ ወረቀት የሥነ ጽሑፍ ነው» አለኝ። እንዴ! መንኮራኩሯን ወደ ሥነ ጽሑፍ ያመጣት ማን ሆነና? በግጥም ስትገባ ዝም ተብሎ፣ በስድ ንባብ ስትመረመር ነው እንዴ የምትባረረው? ስለ በሬ የሚገጥም ሰው ቀንበር ከጅራት ቢያስር ገበሬ ይስቅበታል። ስለ ጠፈር የሚገጥመው ላይ የሚስቅ ስለሌለ ይጨበጨብለታል፤ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው። ቃሉ ራሱ እንኳ ከገጣሚው ይበልጥ ያውቃል። መንኮራኩር በግዕዝ ዋና ፍቺው የሚዞር፣ የሚሽከረከር ነው። ምሕዋርም «ሖረ»፣ ሄደ፣ ከሚለው የወጣ ነው፤ መሄጃ። አያቶቻችን በተዉልን ቃል ውስጥ ዙሩም መንገዱም አለ። ቀስት ያደረጋት እሱ ነው።

ነገሩን የማከረው ያለ ምክንያት አይደለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይናው ታይዩዋን ማስወንጨፊያ ስትነሣ ስንት ተባለ! 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና መሬታችንንና እርሻችንን ፎቶ የምታነሣ ዕቃ ነበረች። አንዱ «ደረስንባቸው» ብሎ ፎከረ፤ ሌላው «ስንዴ ሳንጠግብ» ብሎ ተሳለቀ። ግማሹን ሥራ የሠሩልን ሌሎች መሆናቸውን፣ የእኛ ልጆች ከዚያ ውስጥ የትኛውን ተምረው እንደተመለሱ የጠየቀ ፎካሪም ተሳላቂም አልገጠመኝም። ሁለቱም ያቺን ሳተላይት በአየር ላይ የምትበር ቀስት አድርገው ነው ያዩዋት።

ሕንዶችን እንይ። ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. እያንዳንዳቸው 220 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝኑ ሁለት ሳተላይቶች በአንድ ሮኬት ላኩ፤ አራርቀው እንደገና ሊያገጣጥሟቸው። ጥር 4 ቀን በመካከላቸው 3 ሜትር እስኪቀር አቀራረቧቸው። ከዚያስ? ወደ ኋላ መለሷቸው! ያገኙትን መረጃ ሊመረምሩ። ያገጠሟቸው ጥር 8 ቀን ነው። ሦስት ሜትር ቀርቶት ወደ ኋላ የሚመለስ ጀግና በእኛ ግጥም ውስጥ አይቼ አላውቅም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ የሚቀጥለው እትም ስቴንስል ከመቆረጡ በፊት ያንን ግጥም ይዘህ ና። ሥዕሉን በሳሙና ካርቶን ላይ ሥዬ ከአልጋዬ ራስጌ ለጥፌዋለሁ፤ ሁለቱን ምሕዋሮች በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ለይቻቸዋለሁ። ብትቆጣም ተቆጥተህ ና። የአባቴ ሁለተኛ ጥያቄ ለአንተ የሚሆን ይመስለኛል። «ከተያያዙ በኋላስ፣ መሪው በማን እጅ ነው?» አሉኝ። የጀሚኒ 8ን ታሪክ ነገርኳቸው። መጋቢት 7 ቀን 1958 ዓ.ም. ኒል አርምስትሮንግና ዴቪድ ስኮት፣ አጌና ከተባለች ሰው ከሌለባት መንኮራኩር ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ገጠሙ። ብዙም ሳይቆዩ መሽከርከር ጀመራቸው። ጥፋቱ የአጌና መስሏቸው ተላቀቁ። ሽክርክሪቱ ባሰ፤ የተበላሸው የራሳቸው ሞተር ነበር። አባቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ «ሰዎቹ በደኅና ገቡ?» ብለው ጠየቁ። ገብተዋል አልኳቸው።